ስድስት ዓመት የዘገየው የሳን ፍራንሲስኮ ሳንቲም ማተሚያ፣ ዛሬም መላ ያጣው ሕንጻ

ሳን ፍራንሲስኮ መሀል ከተማ፣ አምስተኛ ጎዳናና ሚሽን ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ሕንጻ አለ። የፊት ለፊቱ ዓምዶች የጥንት ግሪኮችን ቤተ መቅደስ ያስታውሳሉ። ከፓወል የባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ኦክላንድና ሳን ሆዜ የሚኖሩ ብዙ የሀገራችን ልጆች ለገበያ ወደዚያ ሰፈር ሲመጡ በአጠገቡ ያልፋሉ። በሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው።

ይህ ሕንጻ የአሜሪካ መንግሥት የድሮ ሳንቲም ማተሚያ ነው። ሥራ የጀመረው በ1874 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1937 ማተሚያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሕንጻው ከ1973 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ቆየና በ1994 ተዘጋ። በ2003 የፌዴራል መንግሥቱ በአንድ ዶላር ለከተማው ሸጠው። ከዚያ ወዲህ «ምን ይሁን?» የሚለው ክርክር አንድም ቀን እልባት አላገኘም። አንዴ ሙዚየም ሊሆን ነው ይባላል፣ ገንዘብ ይጠፋል። ሌላ ጊዜ አዲስ ድርጅት ይመጣል፣ እሱም ይሄዳል። እስከዚያው ለድግስና ለስብሰባ ይከራያል።

ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ሕንጻው ውበትና ስለ ጥገናው ወጪ ነው። ለምን እንደተሠራ ብዙም አይነሳም። ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። ማተሚያው ራሱ ከዚህ ሕንጻ ይቀድማል፤ መጀመሪያ የተከፈተው በሌላ ቤት በ1854 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ለመከፈት ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። በእነዚያ ስድስት ዓመታት የመንግሥትን መዘግየት በየቀኑ ከኪሱ ይከፍል የነበረው ወርቅ ቆፋሪው ነው።

ወርቁ አለ፣ ገንዘቡ የለም

ጄምስ ማርሻል የተባለ አናጢ በአሜሪካን ወንዝ ዳር፣ ኮሎማ በሚባል ቦታ፣ ለጆን ሳተር የእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራ ነበር። ጥር 24 ቀን 1848 የመሰንጠቂያው ውኃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር አየ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ ካሊፎርኒያን ለአሜሪካ የምታስረክብበት ውል ተፈረመ። ፈራሚዎቹ ስለ ወርቁ አያውቁም ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት የካሊፎርኒያ ወታደራዊ አስተዳዳሪ ኮሎኔል ሪቻርድ ሜሰን ወርቅ የሚቆፈርበትን ቦታ ዞሮ አየ። ወደ ዋሽንግተን ሪፖርት ሲልክ 230 አውንስ ያህል ወርቅ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አድርጎ አብሮ ላከ። ወርቁ ፊላደልፊያ ያለው ዋናው ማተሚያ ደረሰ። እዚያ 1,389 ባለ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲሞች ተመቱበት። ከንስሩ ራስ በላይ «CAL» (ካል) የሚሉ ሦስት ትንንሽ የላቲን ፊደሎች ታተሙባቸው። የካሊፎርኒያ ወርቅ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ዛሬ እነዚህን ሳንቲሞች ሰብሳቢዎች ይሻሙባቸዋል።

ፕሬዚዳንት ፖልክ ታኅሣሥ 1848 ለኮንግረስ ባቀረበው መልእክት የወርቁን ወሬ አረጋገጠ። በዚያው መልእክት ካሊፎርኒያ ውስጥ የማተሚያ ቅርንጫፍ ይከፈት ብሎ ጠየቀ። ስለዚህ ችግሩ የተሰወረ አልነበረም። መፍትሔውም ገና ጥድፊያው ሳይጀመር ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ነበር። ኮንግረስ ሕጉን ያጸደቀው ግን ሐምሌ 3 ቀን 1852 ነው። ማተሚያው የተከፈተው ደግሞ ሚያዝያ 3 ቀን 1854።

መዘግየቱ ተራ ችግር እንዳይመስላችሁ። አንድ ቆፋሪ በረዶ የሚያህል ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያጥብ ውሎ አንድ አውንስ የወርቅ ብናኝ አገኘ እንበል። ምን ይግዛበት? ሳንቲም የለም። ባንክ የለም። ስለዚህ ብናኙን ራሱን እንደ ገንዘብ ይጠቀማል። ነጋዴው በሚዛን ይቀበለዋል። ሚዛኑ ግን የነጋዴው ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ የአንድ ዶላር ዋጋ በሁለት ጣት የሚቆነጠር ብናኝ ነበር። ቆንጣሪው አሳላፊው ነው። የመጠጥ ቤት ባለቤቶች አሳላፊ ሲቀጥሩ አውራ ጣቱን ያዩ ነበር ይባላል።

መንግሥት ለአንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ 20 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይከፍል ነበር። የካሊፎርኒያ ወርቅ ብር ስለተቀላቀለበት ትክክለኛ ዋጋው 18 ዶላር አካባቢ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተለመደው የገበያ ዋጋ ግን 16 ዶላር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ቁፋሮው ቦታ ላይ፣ ከዚያም በጣም ባነሰ ዋጋ ተሽጧል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እዚያ ቃል በቃል ሆነ። ሰውየው ያወጣው ወርቅ ገና ከእጁ ሳይወጣ ከአስር እጅ አንዱን እጅ ያጣል። ልዩነቱ ወደ ነጋዴውና ወደ ባንከሩ ኪስ ይገባል።

ወደ ፊላደልፊያ ልኮ በትክክለኛው ዋጋ ማሳተም አይችልም ወይ? ይችላል። ግን መርከቡ ወደ ፓናማ ይወርዳል። ወርቁ በበቅሎ የፓናማን ጠባብ ምድር ያቋርጣል። ከዚያ እንደገና መርከብ። ተመልሶ በሳንቲም እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። የማጓጓዣውና የመድኅኑ ክፍያ አለ። ይህን የሚችለው ትልቅ ነጋዴ ነው እንጂ ነገ ዱቄት መግዛት ያለበት ቆፋሪ አይደለም።

ጉምሩክ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ቀረጥ የሚከፈለው በሕጋዊ ሳንቲም ነው። በከተማው የነበረው ጥቂት የሜክሲኮና የስፔን ብር፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ሳንቲም ሁሉ ተለቅሞ ወደ ጉምሩክ ካዝና ይገባና እዚያው ይቀራል። በወርቅ የተጥለቀለቀች ከተማ ለመልስ የሚሆን ሽርፍራፊ አጣች።

ሰው በራሱ ሲያትም

መንግሥት ባልሠራው ሥራ ግለሰቦች ገቡበት። ከ1849 ጀምሮ ወርቅ አቅልጠው የራሳቸውን ሳንቲም የሚያትሙ ድርጅቶች ተከፈቱ። በወቅቱ ይህ በሕግ አልተከለከለም። ሳንቲሙ ላይ የንስር ምስል፣ የነፃነት ምልክት የሆነችው ሴት ፊትና የድርጅቱ ስም አለ። ከሩቅ ካዩት የመንግሥት ነው የሚመስለው።

አንዳንዶቹ ሐቀኛ ነበሩ። ሞፋት የተባለው ድርጅት ሳንቲሙን ይዞ የመጣ ሁሉ ሙሉ ዋጋውን ስለሚከፈለው ነጋዴው አመነው። ሌሎቹ እንደዚያ አልነበሩም። በ1851 ጄምስ ኪንግ ኦፍ ዊልያም የሚባል ባንከር የተለያዩ ድርጅቶችን ሳንቲሞች ሰብስቦ ለመንግሥቱ የወርቅ መርማሪ ለኦገስተስ ሀምበርት ሰጠ። ባልድዊን የተባለው ድርጅት ሳንቲሞች ከተጻፈባቸው ዋጋ እስከ ሦስት በመቶ ጎድለው ተገኙ። ውጤቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወዲያው ነጋዴው አልቀበልም አለ። የድርጅቱ ባለቤቶች ሥራውን ዘግተው ከተማውን ለቀቁ።

ሦስት በመቶ ጥቂት ትመስላለች። ግን ኪሳራው የወደቀው በማን ላይ እንደሆነ እዩ። ባንኮቹ አስቀድመው አውቀው ቀነሱ። ሳንቲሙን በደሞዝ የተቀበለው ሠራተኛ ግን መስማት የጀመረው ሱቅ ገብቶ «ይሄን አንወስድም» ሲሉት ነው። ገንዘብ ላይ እምነት ሲጠፋ መጨረሻ የሚሰማው ሰው ነው ሁሉን የሚሸከመው።

ሀምበርት ራሱ መንግሥት ያገኘው ግማሽ መፍትሔ ነበር። ኮንግረስ ማተሚያ ለመክፈት አልወስን ሲል አንድ ሕጋዊ መርማሪ ሾመ። ከ1851 ጀምሮ ሀምበርት በሞፋት ድርጅት ውስጥ ሆኖ ባለ 50 ዶላር ስምንት ማዕዘን ወርቅ አወጣ። አንዱ 85 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለትልልቅ ነጋዴዎች ግሩም ነበር። ዳቦ ለሚገዛ ሰው ግን ምን ያደርግለታል? የወር ደሞዝ የሚያህል ሳንቲም ይዞ መልስ የሚሰጠው አያገኝም።

ታዲያ ኮንግረስ ምን ይጠብቅ ነበር? አንደኛ፣ ካሊፎርኒያ እስከ መስከረም 1850 ግዛት አልነበረችም። ባርነት ይፈቀድባት ይከልከልባት በሚለው ጠብ ምክንያት መላው የሀገሪቱ ፖለቲካ ተቆልፎ ነበር። ድምፅ የሚሰጥላት እንደራሴ አልነበራትም። ሁለተኛ፣ ኒውዮርክ ማተሚያው ለእኔ ይገባል አለች። ፊላደልፊያ ደግሞ ያላትን ለማንም ማካፈል አልፈለገችም። የሁለት ምሥራቃዊ ከተሞች ፉክክር ነበር። ካሊፎርኒያ ሴናተሮቿን ከላከች በኋላም ከእነሱ አንዱ ዊልያም ግዊን ሕጉን ለማሳለፍ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ጠባቧ ቤትና በጭስ ማውጫው የወጣው ወርቅ

መጨረሻ ላይ መንግሥት አዲስ ሕንጻ አልሠራም። ኮመርሻል ጎዳና ላይ የነበረውን የሞፋት ተከታዮች የጡብ ቤት ገዛ። ስፋቱ 18 ሜትር በ18 ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ቤት ውስጥ ማቅለጫው፣ አሲዱ፣ የእንፋሎት ሞተሩ፣ ማተሚያው፣ ቢሮውና ካዝናው ሁሉ ተጨናንቀው ገቡ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ወርቁን ያመጣል፣ ተመዝኖ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ወርቁ ይቀልጣል። ከላዩ ትንሽ ተቆርጦ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ይመረመራል። ከዚያ ብሩ በናይትሪክ አሲድ ከወርቁ ይለያል። ንጹሑ ወርቅ ከመዳብ ጋር ይቀላቀላል፣ ዘጠኝ እጅ ወርቅ ለአንድ እጅ መዳብ። ይዳመጣል፣ በክብ ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ይመዘናል። የከበደው በሞረድ ይፋቃል። በመጨረሻ ይታተማል። የሳን ፍራንሲስኮው ሳንቲም «ኤስ» የምትል ትንሽ ፊደል አለችው።

በመጀመሪያው ዓመት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወርቅ ሳንቲም ወጣ። ሥራው ግን በእንቅፋት የተሞላ ነበር። ብሩን የሚለየው አሲድ አጠረ። ወርቅ ሞልቶ ማተም አልተቻለም። ከዚያ ዓመት ቁጥሮች ውስጥ ደጋግሜ የማያቸው ሁለት አሉ። ባለ 20 ዶላር ሳንቲም 141,468 ታትሟል። ባለ 5 ዶላር ግን 268 ብቻ። ምክንያቱ ምን ዓይነት ሳንቲም እንደሚፈልግ የሚመርጠው ወርቁን ያስገባው ሰው በመሆኑ ነው። አስገቢዎቹ በብዛት ባንኮችና ትልልቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ለእነሱ ትልቁ ሳንቲም ለመቁጠርም ለመላክም ይቀላል። ማተሚያው ተከፍቶም ቢሆን ሽርፍራፊ የሚያስፈልገው ሰው ተራው ገና አልደረሰም ነበር።

ከነዚያ 268 ሳንቲሞች መትረፋቸው የታወቀው አራት ናቸው። አራተኛው በ2018 ሲገኝ ባለቤቱ እውነተኛ ነው ብሎ አላመነም ነበር። ተመርምሮ ተረጋገጠና በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

ስለዚያች ጠባብ ቤት ምንነት ከሁሉ የሚናገረው የአጎስተን ሃራስቲ ጉዳይ ነው። ሰውየው ከሀንጋሪ የመጣ መኳንንት ነው። በኋላ የካሊፎርኒያ የወይን ጠጅ አባት እየተባለ የተወራለት እሱ ነው። በማተሚያው ውስጥ የማቅለጥና የማጣራት ኃላፊ ነበር። በ1857 ሂሳብ ሲመረመር 151,550 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ጠፋ። በወቅቱ ዋጋ ከ220 ኪሎ በላይ ንጹሕ ወርቅ ማለት ነው። ሃራስቲ በስርቆት ተከሰሰ።

ወርቁ የት ገባ? ምድጃዎቹ የሚመጣውን ወርቅ ለመቻል ያለ ዕረፍት ይነዱ ነበር። ሙቀቱ ከልክ በላይ ሲሆን የወርቅ ብናኝ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሰዎች በአካባቢው ቤቶች ጣሪያ ላይ ያለውን ጥላሸት ጠርገው መረመሩት። ወርቅ አገኙበት። የወንጀሉ ክስ ቀረ። የፍትሐ ብሔሩ ክርክር ግን እስከ 1861 ዘለቀና ዳኞቹ ለሃራስቲ ፈረዱ። ሰውየው ለአራት ዓመታት ስሙ በሌብነት ሲነሳ ኖሯል። በእኔ አስተያየት መከሰስ የነበረበት ያንን ሁሉ ወርቅ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ እንዲቀልጥ የወሰነው አካል ነው።

ያም ሆኖ ማተሚያው ዋናውን ነገር አሳካ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የግለሰቦቹ ሳንቲሞች ከገበያ ጠፉ። አብዛኞቹ ወደ ማተሚያው ገብተው ቀልጠው «ኤስ» ያለባቸው ሆነው ወጡ። ወርቅ ያለው ሰው ቆጣሪው ጋ ቆሞ በሕግ የታወቀ ዋጋ ማግኘት ቻለ።

ግን ወርቁ ከካሊፎርኒያ መውጣቱን አላቆመም። የምሥራቁ ባንኮች ይጠሩታል። መስከረም 1857 ሴንትራል አሜሪካ የተባለች መርከብ ከፓናማ ወደ ኒውዮርክ ስትሄድ በማዕበል ሰጠመች። 425 ሰው ሞተ። የጫነችው ወርቅ ኒውዮርክ ውስጥ ይጠበቅ ስለነበር መስጠሟ በዚያ ዓመት የተነሳውን የባንክ ድንጋጤ አባባሰው። በ1988 መርከቧ ስትገኝ በውስጧ ከ5,000 በላይ ባለ 20 ዶላር ሳንቲሞች ነበሩ፤ በ1857 በሳን ፍራንሲስኮ የታተሙ፣ ገበያ ያላያቸው።

ቆጣሪው ጋ ያልደረሱት

የወርቅ ጥድፊያ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ደፋር ቆፋሪዎችን ብቻ ያነሳል። ወርቁ የወጣበት መሬት ግን የነባር ሕዝቦች መሬት ነበር። በ1846 አካባቢ በካሊፎርኒያ 150,000 ያህል ነባር ሕዝብ ይኖር እንደነበር ይገመታል። በ1870 የቀሩት 30,000 ያህል ናቸው። በሽታ ገደላቸው፣ ረሃብ ገደላቸው፣ የግዛቱ መንግሥት የሚከፍለው ሚሊሻም ገደላቸው። ማተሚያው በአንድ በኩል ሕጋዊ ዋጋ ሲሰጥ በሌላ በኩል ወርቁ ከማን መሬት እንደመጣ የሚጠይቅ መዝገብ አልነበረውም።

የውጭ ሰዎችም ተገፉ። በ1850 የግዛቱ ምክር ቤት የውጭ ሀገር ቆፋሪ ሁሉ በወር 20 ዶላር ይክፈል የሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ በተለይ የሜክሲኮና የቺሊ ሰዎችን አባረረ። ተሽሮ በ1852 በሌላ መልክ ተመለሰ፤ አሁን ያነጣጠረው ቻይናውያን ላይ ነው። ወርቁን ለማሳተም መጀመሪያ ለመቆፈር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ያ ፈቃድ ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ትልቁ ሕንጻና የ1906ቱ ቀን

በ1859 ኔቫዳ ውስጥ ኮምስቶክ የተባለው ትልቅ የብር ማዕድን ተገኘ። የኮመርሻል ጎዳናዋ ቤት ጭራሽ አልቻለችም። በ1870 የአዲሱ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ በ1874 ሥራ ጀመረ። ነዳፊው አልፍሬድ መለት ነው። መሠረቱ ከኮንክሪትና ከግራናይት የተሠራ አንድ ሜትር ተኩል የሚወፍር ነው፤ ሌባ ከሥር ቆፍሮ እንዳይገባ። ላይኛው ክፍል ከካናዳ በመርከብ የመጣ ድንጋይ ነው። መሀሉ ላይ ግቢ አለ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውኃ አለ። ይህን ጉድጓድ ያዙልኝ።

ከዚህ ሕንጻ የወጣው ገንዘብ ወደ ሩቅ ተጉዟል። ከ1874 ጀምሮ ቻይና ውስጥ የሜክሲኮን ብር እንዲወዳደር ከተለመደው ዶላር ትንሽ የከበደ የንግድ ዶላር አትመዋል። በ1883 ለሃዋይ ንጉሥ የብር ሳንቲም መትተዋል። ሴቶች የመድኃኒት ሚዛን የሚመስል ሚዛን ይዘው ጥሬውን ሳንቲም አንድ በአንድ ይመዝኑና ይሞርዱ ነበር። ጉድለትም አልጠፋም። በ1901 ከካዝናው 30,000 ዶላር፣ ስድስት ከረጢት ባለ 20 ዶላር ወርቅ ጠፋ። የተፈረደበት የማተሚያው የራሱ ዋና ጸሐፊ ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1906፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ከተማው ተናወጠ። ሕንጻው አልፈረሰም። ከተማውን የጨረሰው ግን ከመንቀጥቀጡ በኋላ የተነሳው እሳት ነው። የከተማው የውኃ ቧንቧዎች ተሰባብረው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የማተሚያው ኃላፊ ፍራንክ ሊች ኦክላንድ ነበር የሚኖረው። በጀልባ ተሻግሮ፣ ወታደሮች እየከለከሉት፣ ሥራው ቦታ ደረሰ። ሃምሳ ያህል ሠራተኞችና አሥር ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ካዝናው ውስጥ ከ200 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ወርቅና ብር አለ።

ያ ጉድጓድ እዚህ ላይ ዋጋ አገኘ። ፓምፕና ጎማ የተገጠመለት ከጥቂት ጊዜ በፊት ነበር። ውኃቸው የራሳቸው ስለሆነ የከተማው ቧንቧ መሰበር አልነካቸውም። እሳቱ በዙሪያቸው ያለውን ሰፈር በሙሉ በላ። የመስኮቱ መስታወት ቀለጠ። የውጩ ድንጋይ በሙቀቱ እንደ ጥይት እየጮኸ ተፈነጠረ። ሰዎቹ ክፍል ከክፍል እየሮጡ፣ ጣሪያው ላይ እየወጡ፣ በጎማና በባልዲ ለሰባት ሰዓት ያህል ተዋጉ። ወደ ማታ እሳቱ አለፋቸው። በሮቹ ዝግ ናቸው፣ ካዝናው ሙሉ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ወደ 28,000 ሕንጻዎች ወድመዋል። ከሦስት ሺህ የማያንስ ሰው ሞቷል፣ ከግማሽ በላይ የከተማው ሕዝብ ቤት አልባ ሆኗል። ባንኮቹ ተቃጥለዋል። የብረት ካዝናዎቻቸው ለቀናት እንደ ምድጃ የጋሉ ስለነበሩ ቶሎ ከተከፈቱ ውስጡ ያለው ወረቀት ይነድዳል። ኮመርሻል ጎዳና ላይ በመጀመሪያዋ ማተሚያ ቦታ የተሠራው የፌዴራል ግምጃ ቤትም ተቃጥሏል። በዚያ ሁሉ መሀል ገንዘብ መቀበልና መክፈል የቻለው አንድ ተቋም ማተሚያው ነበር። የእርዳታው ገንዘብ በእሱ በኩል አለፈ። ከሌላ ከተማ በቴሌግራም የሚላክ ገንዘብ እዚያ ይከፈል ነበር። ሊች በሚቀጥለው ዓመት የመላ ሀገሪቱ ማተሚያዎች ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ።

ከወርቅ በኋላ

በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዜጎች የያዙትን የወርቅ ሳንቲም ለመንግሥት እንዲያስረክቡ አዘዘ። ቀጥሎ የወርቅ ዋጋ ከ20.67 ወደ 35 ዶላር ከፍ አለ። የወርቅ ሳንቲም ዘመን በዚያ አበቃ። በ1937 ማተሚያው ከቦታው ብዙም ሳይርቅ ኮረብታ ላይ ወደተሠራው አዲስ ሕንጻ ገባ። እዚያ በ1955 ሳንቲም ማተም ቆመ። በ1965 የሳንቲም እጥረት ሲመጣ እንደገና ተጀመረ። ዛሬ በዋናነት ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ፣ እንደ መስታወት የጠሩ «ኤስ» ሳንቲሞችን ያትማል። ጎብኚ አያስገባም።

የድሮው ሕንጻ ግን ከእጅ ወደ እጅ ተንከራተተ። በስልሳዎቹ መጨረሻ የመፍረስ አደጋ ተደቅኖበት ነበር። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን እንዲታደስ አደረገ። ሙዚየሙ ተከፈተ፣ በ1994 ወጪው በዛ ተብሎ ተዘጋ። ከተማው ሲረከበው የከተማ ታሪክ ሙዚየም ይሆናል ተባለ። ኮንግረስ በ2006 ባለ አንድ ዶላር ብርና ባለ አምስት ዶላር ወርቅ መታሰቢያ ሳንቲም እንዲወጣ ፈቀደ። በእያንዳንዱ ወርቅ ላይ 35 ዶላር፣ በእያንዳንዱ ብር ላይ 10 ዶላር ለሕንጻው ተጨምሮ ተሸጠ። አልበቃም። በ2015 የሀገሪቱ ቅርስ ጠባቂ ድርጅት በጣም አደጋ ላይ ካሉ 11 ቦታዎች አንዱ አድርጎ መዘገበው። ከዚያ የካሊፎርኒያ ታሪክ ማኅበር ሊገባበት አጠና፣ አልሆነም። ማኅበሩ ራሱ በ2025 ፈርሶ ስብስቡን ለስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስረከበ።

ችግሩ በግልጽ የታወቀ ነው። ውጩ ድንጋይ ቢሆንም የውስጡ ግንብ ጡብ ነው። 1906ን ያለፈው ሕንጻ የዛሬውን የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ አያሟላም። ይህን ማጠናከር በብዙ አሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ ይጠይቃል። ማንም ሙዚየም ከመግባቱ በፊት ይህን ክፈል ከተባለ አይመጣም። ከተማው ከተረከበው ወዲህ የተደረገው ግን ይኸው ነው፤ ተከራዩ ያጠናክረው እየተባለ ተከራይ ይጠበቃል።

እኔ ሂሳቡ መጀመር ያለበት ከሌላ ቦታ ይመስለኛል። የፌዴራሉ ማተሚያ ድርጅት ዛሬም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በየዓመቱ ለሰብሳቢዎች ሳንቲም እያተመ ይሸጣል። «ኤስ» የምትለው ፊደል ተፈላጊነቷ የመጣው ከዚያ የድሮ ታሪክ ነው። በ2006 የተሞከረው ጭማሪ ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። በየዓመቱ በሚሸጠው በእያንዳንዱ የ«ኤስ» ስብስብ ላይ ጥቂት ዶላር ቢታከል፣ ገንዘቡም ለሕንጻው ማጠናከሪያ ብቻ እንዲውል በሕግ ቢታሰር፣ ከተማው ባለሀብት መጠበቁን ያቆማል። ሕግ ያስፈልገዋል፣ ኮንግረስ ያስፈልገዋል። ቅርንጫፉ 200 ዓመት የሚሞላው በ2054 ነው። ማጠናከሩ አሥር ዓመት ቢፈጅ እንኳ ጊዜው ይበቃል።

ሲከፈትም ካዝናውንና ወርቁን ብቻ አያሳዩን። ከ16 ዶላርና ከ18 ዶላር መካከል ያለው ሁለት ዶላር የት እንደሄደ ይታይ። የሴቶቹ ሚዛን ይታይ፣ የቻይናውያኑ የግብር ደረሰኝ ይታይ፣ የነባሩ ሕዝብ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይጻፍ። የግቢው ጉድጓድም መግለጫ ይደረግለት።